ለአምስት ሰው ቤት የትኛው ቦርድ ጌም ይሻላል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ14 ዓመት ልጆቻችን እንዲሁም እናቴ በአንድ ቤት እንኖራለን። ከካርታና ከዳማ ሌላ የምናውቀው ሞኖፖሊን ብቻ ነው፤ እሱንም ጀምረን ጨርሰነው አናውቅም። በቅርቡ እህቴ ከውጭ ስለምትመጣ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ቦርድ ጌም እንድታመጣልን አስበናል። ትልቁ ልጄ ካታን ካልሆነ ይላል። እናቴ ዳዊት ትደግማለች፣ የፈረንጅ ፊደል ግን አታነብም፤ እሷን የሚያስቀር ነገር መግዛት አልፈልግም። የተጫወቷቸውን አነጻጽረው ቢነግሩኝ?»

ምላሽ፦ እህትዎ ካርካሶንን ይያዙ። ሁለተኛውን ጨዋታ ሻንጣ ውስጥ አያስገቡት፤ ኮድኔምስ የሚባለውን የቃል ማስገመቻ ጨዋታ እዚሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ በአማርኛ ብትሠሩት ከሚገዛው ይልቅ ይበጃችኋል። ይህን የምለው ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ግቢያችን ኮሙናል ውስጥ ላለፉት 7 ዓመታት ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛ እየዘረጋሁ ለጀማሪዎች ሳስተምር ካየሁት ተነሥቼ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ እጅግ የተመሰገኑ ጨዋታዎች አንድ ጊዜ ተከፍተው መደርደሪያ ላይ ሲቀሩ፣ ያልጠበቅኳቸው ደግሞ ጠርዛቸው እስኪላላጥ ድረስ ሲደጋገሙ ተመልክቻለሁ። ልዩነቱን የሚያመጣው የጨዋታው ዝና ሳይሆን ጨዋታው ለዚያ ቤት ሰዎች መመጠኑ ነው፤ ስለዚህ ካታንን ጨምሮ ሌሎቹን ለምን እንዳስቀረሁ በዝርዝር ላስረዳዎት።

መጀመሪያ የሚታየው የሰው ቁጥር ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ሳጥኑ ላይ የተጻፈችውን ያችን ቁጥር የሚያያት ገዝቶ ከከፈተ በኋላ ነው። ካታን በመሠረታዊ ሳጥኑ ከ3 እስከ 4 ሰው ያጫውታል፤ አዙል፣ ስፕሌንደር፣ ኪንግዶሚኖና ፓንደሚክም ከ4 ሰው አያልፉም። እናንተ አምስት ናችሁ። አንድ ሰው መቅረት ካለበት ማን እንደሚቀር ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ «እናንተ ተጫወቱ፣ እኔ ቡናውን ላፍላ» ብለው የሚነሡት እናትዎ ወይም እርስዎ ራስዎ ናችሁ። ለካታን ከ5 እስከ 6 ሰው የሚያጫውት ማስፋፊያ አለ፤ ለብቻው የሚሸጥ ስለሆነ ግን ሌላ ሳጥንና ሌላ ወጪ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ጽሑፍ ነው። በዘመናዊዎቹ ጨዋታዎች ውስጥ ሕጉ የሚነገረው አንድም በሥዕል ነው፣ አንድም በካርዱ ላይ በሰፈረ ዓረፍተ ነገር። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ እንግሊዝኛ የማያነብ ተጫዋች በየተራው «ይሄ ምን ይላል?» እያለ ካርዱን ለሌላ ሰው ማሳየት ይገደዳል፤ ካሳየ በኋላ ደግሞ የደበቀው ነገር የለም። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የአለን ሙን ቲኬት ቱ ራይድ እስከ 5 ሰው ያጫውታል፣ ሕጉም ለልጅ በአሥር ደቂቃ የሚገባ ነው፤ ሆኖም በካርታው ላይ ያሉት የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ስማቸው የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እናትዎ ከየትኛው ከተማ ወደየትኛው ባቡር መዘርጋት እንዳለባቸው የሚነግራቸውን የምሥጢር ካርድ ለልጅ ልጃቸው አሳይተው ከጠየቁ፣ ያ ልጅ መንገዳቸውን ሊዘጋባቸው የሚችል ተፎካካሪ ነው። እኔ ይህን ጨዋታ እወደዋለሁ፤ ሁሉም በሚያነብበት ቤት ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት እመክርዎት ነበር።

ሦስተኛው መጠበቅ ነው። ሞኖፖሊን ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁት ስንፍና ይዟችሁ አይደለም። በዚያ ጨዋታ የከሰረ ሰው ይወጣል፤ የወጣው ሰው ሌሎቹ እስኪጨርሱ ድረስ አንድ ሰዓትም ሆነ ከዚያ በላይ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ ቤት የማይሠራበት አንድ ሕግ አለ፤ ተጫዋቹ ያረፈበትን ቦታ መግዛት ካልፈለገ ቦታው ወዲያውኑ ለሁሉም ለጨረታ ይቀርባል። ይህ ሲዘለል ቦታዎቹ ሳይሸጡ ይቆያሉ፣ ጨዋታውም ይንዛዛል። ሳጥኑ ቤት ውስጥ ካለ በዚህ ሕግ አንድ ጊዜ ቢሞክሩት ለውጡን ያዩታል።

አሁን ወደ ካርካሶን ልመለስ። የሠራው ጀርመናዊው ክላውስ-ዩርገን ቭሬደ ነው፤ የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲሆን በማግሥቱ ዓመት «ሽፒል ዴስ ያሬስ» የተባለውን፣ ጀርመን አገር ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ የሚሰጠውን ሽልማት አግኝቷል። ስሙ በደቡብ ፈረንሳይ ከምትገኝ በግንብ ከታጠረች ጥንታዊ ከተማ የመጣ ነው። ሳጥኑ ውስጥ 72 ካሬ ካርቶኖችና ትንንሽ የእንጨት ሰዎች አሉ። በካርቶኖቹ ላይ የተሣለው የከተማ ግንብ፣ መንገድ፣ ሜዳና ገዳም ነው፤ አንድም የሚነበብ ፊደል የለም። ተራው የደረሰ ሰው አንድ ካሬ ያነሣል፤ መንገድ ከመንገድ፣ ግንብ ከግንብ፣ ሜዳ ከሜዳ እንዲገጥም አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ጋር ያጋጥማል፤ ከፈለገም ከሰዎቹ አንዱን በዚያች ካሬ ላይ ያቆማል። በመንገድ ላይ የቆመ ሰው መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዘጋ ለእያንዳንዱ ካሬ 1 ነጥብ ያስገኛል፤ በከተማ የቆመው ግንቡ ዙሪያውን ሲገጥም ለእያንዳንዱ ካሬ 2 ነጥብ፣ ጋሻ ለተሣለበት ካሬ ደግሞ ተጨማሪ 2 ነጥብ ያመጣል። ገዳም ውስጥ የገባው መነኩሴ ዙሪያውን 8 ካሬ እስኪከበብ ይጠብቅና 9 ነጥብ ይሰጣል። እናትዎ ከሁሉ አስቀድመው የሚይዙት ይህን የገዳሙን ሕግ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ በእኔ ጠረጴዛ በእሳቸው ዕድሜ ያሉት ሁሉ ከእሱ ነው የጀመሩት።

ይህ ጨዋታ ለዕድሜ ልዩነት ለምን እንደሚመች በአንድ ያየሁት ነገር ላሳይዎት። አንድ የ12 ዓመት ልጅ በጠረጴዛው መሐል ከተማ ሲያሰፋ ቆይቶ 7 ካሬ አድርሶት ነበር፤ ሁለት ጋሻ አለበት፣ ለመዘጋት የቀረው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። አጠገቡ የተቀመጡ እናት ከቀዳዳው ማዶ፣ ከልጁ ከተማ ጋር በማይነካካ ቦታ፣ ግንብ ያለባት አንዲት ካሬ አስቀመጡና ሰዋቸውን አቆሙባት። ሌላ ሰው ያለበት ከተማ ውስጥ በቀጥታ መግባት ክልክል ነው፤ ለብቻው የተጀመረ ከተማ በኋላ ቢገናኝ ግን ይፈቀዳል። ልጁ ትርጉሙ አልገባውም። ሁለት ተራ ካለፈ በኋላ እናትየው ሁለቱን የምታገናኝ ካሬ ወጣችላቸው (እኛ ጋ የሚቀጥለው ካሬ የሚነሣው ተራ እንደተጨረሰ ነው)፤ በመዳፋቸው ሸፍነው ቆዩና ተራቸው ሲደርስ ቀስ አድርገው ቀዳዳው ውስጥ ከተቷት። ከተማው 9 ካሬ ሆኖ ተዘጋ፤ 18 ነጥብ ለካሬዎቹ፣ 4 ነጥብ ለጋሻዎቹ፣ በድምሩ 22። ሁለቱም አንድ አንድ ሰው ስላላቸው ሁለቱም 22 ነጥብ ሙሉውን ወሰዱ። ልጁ መጀመሪያ ተከፋ፤ ቀጥሎ ግን የእሳቸውን ካሬ ጣቱን እየጫነ «እዚህ ጋ ሲያስቀምጡ ነው ያሰቡት?» ብሎ ጠየቃቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱም እንደዚያው ነው የሚጫወተው።

ከተጨመረ በኋላ ብዙ ቤት የሚያምሰው የገበሬው ሕግ ነው። ሜዳ ላይ ሰውን ማስተኛት ይቻላል፤ ይህ ገበሬ ጨዋታው እስኪያልቅ አይነሣም፣ በመጨረሻም ሜዳው ለሚያዋስናቸው ለእያንዳንዱ የተዘጋ ከተማ 3 ነጥብ ያስገኛል። ጥሩ ገበሬ ጨዋታ ይገለብጣል። ይሁን እንጂ የሜዳ ወሰን በመንገድና በግንብ መካከል እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ለጀማሪ ዓይን አይለይም፤ ክርክሩም የሚነሣው ነጥብ ሲቆጠር፣ ሁሉም ሲደክመው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምሽቶች ያለ ገበሬ ተጫወቱ፤ ሦስተኛው ላይ ጨምሩት። አዳዲሶቹ እትሞች ከወንዝ ካሬዎችና ከአንድ ተጨማሪ ሰው ጋር ይመጣሉ፤ እነዚያንም ለጊዜው ሳጥን ውስጥ ተዋቸው። እያንዳንዱ ተጫዋች በእጁ የሚኖረው 7 ሰው ብቻ መሆኑን ግን ከመጀመሪያው ቀን አስረግጣችሁ ንገሩ፤ የሁሉም ጀማሪ ስሕተት ሰዎቹን በሰባት ተራ ጨርሶ ባዶ እጁን መቀመጥ ነው።

ጉድለት የለውም አልልም። በአምስት ሰው ሲሆን ለአንድ ተጫዋች የሚደርሰው 14 ካሬ ገደማ ነው፤ ያቀዱትን አራት ሰው ሳያፈርሰው ወደ እርስዎ ተራ አይደርስም። ለእኔ ጨዋታው ከሁሉ በላይ የሚጣፍጠው በሁለት ሰው ነው፤ በእናንተ ቤት ልጆቹ ተኝተው እርስዎና ባለቤትዎ ስትቀሩ ይህን ትደርሱበታላችሁ። ለአምስቱ የምመክረው አንድ ዘዴ አለ፤ እያንዳንዱ ሰው ተራውን እንደጨረሰ ወዲያውኑ የሚቀጥለውን ካሬውን ያንሣ፤ ሌሎቹ ሲጫወቱ እሱ ያስባል፣ መጠበቁም ያጥራል። በዚህ መንገድ ከአቦል ተጀምሮ በረካ ሲቀዳ ነጥብ መቁጠር ላይ ይደረሳል።

ልጅዎ የጠየቀውን ካታንን በቀላሉ ማለፍ ግን ተገቢ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. ክላውስ ቶይበር ያወጣው ይህ ጨዋታ ለብዙ ሰው የዘመናዊው ቦርድ ጌም በር ነው፤ የዚያን ዓመት ሽልማትም ወስዷል። 19 ባለ ስድስት ጎን መሬቶች በደሴት መልክ ይደረደራሉ፤ ሁለት ዳይስ ተወርውሮ በወጣው ቁጥር ላይ ቤት የሠራ ሰው ከመሬቱ ጡብ፣ እንጨት፣ ሱፍ፣ ስንዴ ወይም ማዕድን ያገኛል፤ አስቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል። ውበቱ ንግዱ ነው። «ሱፍ አለኝ፣ ጡብ ማን ይሰጠኛል?» እየተባለ ሲጯጯሁ ጠረጴዛው ቅዳሜ ገበያ ይመስላል። 7 ሲወጣ የምትንቀሳቀሰዋን ምስል እኛ ሽፍታው እንላታለን፤ የቆመችበት መሬት ምርት ያቆማል፣ አንቀሳቃሹም ከባለቤቱ አንድ ካርድ ይዘርፋል። ችግሩ ያለው መነሻው ላይ ነው። ከ36 አወጣጥ ውስጥ 6 ወይም 8 እያንዳንዳቸው በ5 መንገድ ሲወጡ 2 ወይም 12 ግን በ1 መንገድ ብቻ ነው የሚወጡት፤ ይህን ያላወቀ ጀማሪ ሁለቱን መነሻ ቤቶቹን መጥፎ ቁጥር ላይ ከሠራ አንድ ሰዓት ሙሉ ሌሎች ሲሰበስቡ እያየ ይቀመጣል። የ14 ዓመት ልጅዎ ይህን ስሌት ይወደዋል፤ የ9 ዓመቱ ግን ሁለት ጊዜ እንዲህ ከደረሰበት ሦስተኛ ጊዜ አይቀመጥም። ትልቁ ልጅ ካታንን ከጓደኞቹ ጋር ይጫወተው፤ ለቤት ሲሆን ግን ጊዜው ገና ነው።

አዙልን ባለመምከሬ አዝናለሁ፤ ቁጥሩ ነው የከለከለኝ። የሚካኤል ኪስሊንግ ሥራ ሲሆን በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2018 ተሸልሟል፤ በአምስት ቀለም የተሠሩ 100 የሚያማምሩ ሴራሚክ መሰል ጡቦች አሉት። ከአንዱ ክብ ላይ የአንድ ቀለም ጡቦችን በሙሉ ይወስዱና የቀሩትን ወደ መሐል ይገፋሉ፤ የሚወስዱት ብቻ ሳይሆን ለቀጣዩ ሰው የሚተዉት ነገር ስለሚያሳስብ ገበጣ አስቀድመው እየቆጠሩ የለመዱ ሰዎች ሕጉን ሲሰሙ ወዲያው ይገባቸዋል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ማታ የማይኖር ከሆነና በመደበኛነት አራት ከሆናችሁ፣ ምርጫዬን ወደ አዙል እቀይረዋለሁ።

የማት ሊኮክ ፓንደሚክ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይፎካከሩም፣ ካርቱምንና ኪንሻሳን ጨምሮ በዓለም ከተሞች የሚዛመቱ አራት በሽታዎችን አብረው ይዋጋሉ። በእኛ ባህል ውስጥ አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታላቅን ማክበር ስላለ፣ አባት ወይም የተማረው ልጅ «አንተ እዚህ ሂድ፣ አንቺ ይህን አድርጊ» ማለት ሲጀምር ሌላው ዝም ብሎ ይታዘዛል፤ ጨዋታው የአንድ ሰው ይሆናል። እኔ ጋ ሁልጊዜ ሐሳብ መስጠት የሚጀምረው ትንሹ ነው፤ ታላቅ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። የካርዶቹ ጽሑፍ ብዙ ስለሆነ ግን ለእናንተ አይሆንም። ስፕሌንደርና ኪንግዶሚኖ ሁለቱም ጽሑፍ አልባና ጥሩ ናቸው፤ በተለይ ኪንግዶሚኖ በሩብ ሰዓት ያልቃል፤ ዳሩ ግን ለአራት ሰው ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ኮድኔምስ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የቭላዳ ክቫቲል ጨዋታ ነው። 25 ቃላት በ5 ረድፍ በ5 ይደረደራሉ፤ ሁለት ቡድኖች ይኖራሉ፤ ከየቡድኑ አንድ ሰው ብቻ የትኞቹ ቃላት የማን እንደሆኑ የሚያሳየውን ቁልፍ ያያል። ለቡድኑ አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ብቻ በመናገር ቃላቱን ማስገመት አለበት። 9ኙ ቃላት የጀማሪው ቡድን፣ 8ቱ የተከታዩ፣ 7ቱ የማንም ያልሆኑ ናቸው፤ 1 ቃል ግን ነፍሰ ገዳይ ነው፣ የነካው ቡድን ወዲያው ይሸነፋል። አምስት ሰው ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል። የእንግሊዝኛውን መግዛት ለእናንተ ጥቅም የለውም፤ በአማርኛ ግን እናትዎ ከሁላችሁም ይበልጣሉ፤ ቃል የሚያውቅ ሰው ነው የሚገዛው።

ለመሥራት ወፍራም ወረቀት ቆርጣችሁ ከ150 እስከ 200 ቃል ጻፉ። ቃላቱ ስም ይሁኑ፤ ከአንድ በላይ ፍቺ ያላቸውን አብዙ። ቁልፍ በርም ይከፍታል ሸሚዝም ይይዛል፤ ብር ገንዘብም ነው ማዕድንም፤ ወገብ የሰውም የምድርም አለ። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «ዋና» ተብሎ የተጻፈው ሲጠብቅ አንድ፣ ሲላላ ሌላ ነው፤ «ገና»ም እንደዚሁ። ሁለቱም ንባብ እንደሚፈቀድ አስቀድማችሁ ተስማሙ። አንድ ቅዳሜ እኔ ራሴ «ሐኪም፣ 2» ብዬ ሽፍታንና ወገብን ላስገምት ስል፣ ጓደኞቼ ወገብን ወዲያው አገኙት፤ ሽፍታን ግን ጫካ ከሚለው ጋር አያይዘው ተዉትና «መርፌ»ን ነኩ፤ መርፌ የተቃራኒው ነበር። ሽፍታ ገላ ላይም እንደሚወጣ ማንም አላሰበም።

የዋናው ጨዋታ ሕግ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቃል በማናቸውም መልኩ መጥራትን ይከለክላል። በአማርኛ ይህ ጥብቅ መሆን አለበት፤ ከአንድ ሥር የወጣ ሁሉ ይከልከል። «ንግድ» ተጽፎ ሳለ ነጋዴ ወይም መነገጃ አይባልም፤ «ቤት» ካለ ቤተ ክርስቲያን አይፈቀድም። ለቁልፉ 10 ወረቀት ላይ 25 ቤት አስምራችሁ በቀለም ሙሉ፤ እያንዳንዱ ወረቀት በአራቱም ጎን ሲዞር 40 የተለያየ ቁልፍ ይሆናል። የተገመተውን ቃል ለመሸፈን የዳማችሁ ቆርኪ ይበቃል፤ አንዱ ቡድን በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው። ይህ ለቤት መጫወቻ የሚሠራ ነው፤ ገልብጦ መሸጥ ግን የሠሪውን ድካም መውሰድ ነው።

ለእህትዎ የሚነግሯቸው ጥቂት ነገሮች ይቀራሉ። ከታወቀ የጨዋታ መደብር ይግዙ። እኔ አንድ ጊዜ ዋጋው ረከሰልኝ ብዬ ተመሳስሎ የተሠራ ካርካሶን ገዝቼ፣ የሦስት ካሬዎች ጀርባ ከሌሎቹ ስለደመቀ ልጆቹ ሳያነሡ ገዳሞቹን ለይተው አወቋቸው። በእውነተኛው ውስጥ ከ72ቱ ካሬዎች ጀርባዋ የሚለየው የመነሻዋ ካሬ ብቻ ናት። ሻንጣ ከጠበበ የካሬዎቹንና የሰዎቹን ከረጢት አውጥተው ልብስ መሐል ያስገቡ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጥቁሩና ሰማያዊው ሰው በሻማ አይለዩም፤ እኔ የጥቁሮቹን አናት በነጭ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌባቸዋለሁ። በረንዳ ላይ አትዘርጉት፤ የእናንተም ሰፈር እንደ እኛው ነፋሻ ነው፣ ካሬዎቹ ቀላል ናቸው። አንድ የእንጨት ሰው ከጠፋም ጨዋታው አይቆምም፤ ከእኔ ቢጫዎች አንዱ ለሁለት ዓመት ያህል ሽምብራ ነው።

ሦስተኛው ምሽት ላይ ገበሬውን ስትጨምሩ የሜዳው ወሰን ካከራከራችሁ ካሬዎቹን ሳታነሡ ከላይ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ ነጥቡን አብረን እንቆጥረዋለን።